ፈረስ ያልኩት ብስክሌት፦ ከወንጂ እስከ ቢላ

አርብ

«ሲገፉት የሚውሉት ብስክሌት፣ ብስክሌት አይባልም። ጋሪ ነው» አለች እናቴ።

ጋሼ በቀለ ቀና አላለም። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ወንጂ ውስጥ የብስክሌት ጠጋኝ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ግቢያችን መሀል ተንበርክኮ የመጨረሻውን ብስክሌት ፔዳል ይፈታል። የጭነት መኪናው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀዋል።

«ወለጋ ዳገት ነው እኮ፣ በቄ።»

«ዳገት ካለ ቁልቁለት አለ፣ እታለም።»

«ጠዋት ቁልቁለቱን ወረዱ እንበል። ማታስ? እዚያው ትምህርት ቤት ሊያድሩ ነው?»

«ማርሽ ገጥሜላቸዋለሁ።»

«ለሰዎቹስ ሳንባ ገጥመህላቸዋል?»

እኔ ሳቅኩ፤ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው የምትከተለው አለችኝ። ግጥም ላነብ ነው ማለት አፍሬ፣ ጋሼን ላግዘው ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ሹራብ አቀበለችኝ።

ወንጂን ለማያውቅ ሰው ይህ ክርክር ግር ሊለው ይችላል። አገራችን ሜዳ ነው። ሜዳ ስል ኳስ ብታስቀምጡበት የማይንከባለል ሜዳ ማለቴ ነው። በሸንኮራ አገዳው መሀል የተዘረጋው መንገድ ጠዋትና ማታ በብስክሌት ይሞላል፤ ሠራተኛው ወደ ፋብሪካ፣ ተማሪው ወደ ክፍል፣ ቄሱ ወደ ቅዳሴ፣ ሁሉም በሁለት ጎማ ነው። ብስክሌት እኛ ዘንድ እንደ ጃንጥላ ነው፤ መኖሩን የምናስተውለው ሲጠፋ ነው።

ወደ ወለጋ የጠራን ገመቹ የሚባል የወንጂ ልጅ ነው። አባቱ አገዳ ቆራጭ ነበሩ። አሁን ቢላ ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኗል። መምህራኑና ትልልቆቹ ተማሪዎች በእግር ከሁለት ሰዓት የማያንስ መንገድ ይሄዳሉ። ባጃጅ በዚያ መንገድ አይገባም፤ ሞተር ሳይክል ደግሞ በጸጥታው ምክንያት የሚታገድበት ጊዜ አለ። ገመቹ ለጋሼ ደወለና አሮጌ ብስክሌቶች አሰባስበህ አድስልኝ አለው። ለእኔም፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ የምትነበብ አጭር ግጥም ጻፍልኝ አለኝ። ትምህርቴን ከአስረኛ ክፍል አቋርጬ፣ በየሰው ቤት መጽሐፍ እየተዋስኩ ግጥም የተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ጥሪ ከዚያ በፊት ደርሶኝ አያውቅም።

ብስክሌቶቹ በመኪናው ላይ ተጋድመው ወደ ነቀምት ሄዱ። ፔዳሎቹን ግን ጋሼ ለሾፌር አላምንም ብሎ በከረጢት ይዟቸው በአውቶቡስ ተሳፈርን። ማታ አዲስ አበባ፣ አስኮ አካባቢ አንዲት ጠባብ አልጋ ቤት አደርን። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘነበች የሽሮ ወጣቸውን አቅርበው፣ እንግዶች ሁሉ የት እንደሚሄዱ ጠየቁ። ነቀምት ስንላቸው መንገዱ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ከእኛ በፊት ተነስተው ለአንድ ሾፌር ደወሉ።

ቅዳሜ

ገና ሳይነጋ ተነሳን። ሆለታን፣ አምቦን፣ ጉደርን አለፍን። ከጉደር በኋላ ሜዳዬ አለቀ። ወንጂ ላይ ቆሜ ስመለከት፣ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ማን እንደሆነ ሳልለይ በፊት የብስክሌቱን ቀለም እለያለሁ። እዚህ ግን መንገዱ በየኮረብታው እየተደበቀ ነው የሚሄደው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው። ጥቅምት ስለነበረ ኑጉ አብቧል። ኮረብታው በሙሉ ቢጫ ነው። ጋሼ ግን አበባውን አላየም፤ ዳገቱን በዓይኑ እየለካ፣ ከንፈሩን እየነከሰ ነበር የሚጓዘው።

አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ የጋሼን ቦርሳ ከፍቶ የብስክሌት ካቴናውን፣ ቁልፎቹን፣ ጎማ ውስጥ የሚገቡትን ካላማዳሪዎች ተራ በተራ አወጣ። ይህ ሁሉ ምን ሊያደርግልህ ነው አለው። ጋሼ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጥቶ አያውቅም፤ ከወንጂ ጀምሮ እስከ ዳገት ማርሽ ድረስ ተረከለት። አውቶቡሱ በሙሉ በፀሐይ ቆሞ ሰማ። በመጨረሻ ወታደሩ፣ የእሱም አገር ሜዳ እንደሆነና በልጅነቱ በብስክሌት ወድቆ ጥርሱን እንደሰበረ ነግሮን፣ ከንፈሩን ገልጦ አሳየን። ከዚያ በኋላ የእቃውን ቦርሳ ራሱ ዘጋልን።

ባኮ ላይ ምሳ በላን። ጋሼ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ከረጢቱን አንተ ይዘሃል?» አለኝ።

አልያዝኩም። ለሾፌር ያልታመኑት ፔዳሎች አስኮ፣ ከአልጋው ሥር ቀርተዋል። ጋሼ ስልኩን አውጥቶ ወደ አስኮ ደወለ።

እሁድ

ነቀምት በኮረብታ ላይ የተነጠፈች ከተማ ናት። አንዱን ጎረቤት ለመጠየቅ ይወጣል፣ ሌላውን ለመጠየቅ ይወረዳል። ባጃጁ ብዙ ነው። ብስክሌት ግን ቀኑን ሙሉ ስጠብቅ ሁለት ብቻ አየሁ፤ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ግድግዳ ተደግፎ በቆሎ እሸት ተጭኖበታል። እናቴ ትዝ አለችኝ።

ዕቃ ማራገፊያው ዝግ ስለነበር ቀኑ የእኛ ነበር። ከየአቅጣጫው መዝሙር ይሰማል፤ አንደኛው ቸርች ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል፤ በመካከሉ የኦርቶዶክሱ ደወል ይገባል። የሆቴሉ ጥበቃ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ ሰው ነው። የኔ የወንጂ ኦሮምኛ ግን አሳቀው፤ አንተ የምትናገረው ገበያ ላይ የተሸመተ ነው አለኝ። ትክክል ነው።

ከሰዓት ገመቹ መጣና አንጮቴ ጋበዘን። አንጮቴ ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ተለውሶ ይቀርባል። ድንች ይመስላል ብዬ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ድንች አለመሆኑን አመንኩ። ገመቹ ለመምህራኑ ከሚሰጡት ብስክሌቶች አንዱን ቶለሺ ለምትባል አስተማሪ እንደመደበ አጫወተን። የምትኖረው ቢላ፣ በባሏ ወላጆች ቤት ነው፤ ባሏ አንገር ጉቲን በሚባል ሩቅ አካባቢ የትራክተር ሾፌር ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣል። መንገዱ ስለሚረዝምባት ሰኞ ሄዳ በትምህርት ቤቱ አጠገብ በኪራይ ክፍል ታድራለች፣ አርብ ማታ ትመለሳለች። አንድ ዓመት ያለፋት ሴት ልጅ አለቻት። ሁሉም ሰው እናቷን «ቲቸር» ስለሚላት ልጅቱም አሁን «ቲቸር» ነው የምትላት።

በመመለሻችን አንድ ነገር አየሁ። በበቅሎ የመጣ ጎልማሳ ከቸርች የሚወጡ ሽማግሌ ሲያይ ከሩቅ ወረደ። ልጓሙን ይዞ በእግሩ ቀረበ፤ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት፣ ስለ ከብት ተጠያየቁ፤ ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ተመልሶ ወጣ። አገሬ ላይ እንዲህ ያለ አወራረድ አይቼ አላውቅም። ሆቴል ስገባ ለካስ ግጥሜ በዚያ በቅሎ ላይ ተቀምጣ ኖሯል፤ ቁጭ ብዬ ጻፍኳት፦

ገብስ አይጠይቅ፣ ድርቆሽ አይል፣
ዝም ብሎ የሚያገለግል፤
ልጓሙ በእጅ፣ እርካቡ በእግር፣
ይኸው ፈረሴ፣ የማይደነብር።

ሲመሽ ከአውቶቡስ ተራ ተደወለልን። ወይዘሮ ዘነበች ፔዳሎቹን አግኝተው፣ በሚያውቁት ሾፌር ልከዋል። እያንዳንዷን ፔዳል በጋዜጣ ጠቅልለዋታል። ከረጢቱ ውስጥ አንድ ድፎ ዳቦም ነበረበት። ጋሼ ዳቦውን ታቅፎ ቆመና፣ «አልጋቸውን እኮ ጠባብ ነው ብዬ ተሳድቤአለሁ» አለ።

ሰኞ

ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ጭነን የመጣንበትን አስፋልት ጥቂት ተመለስንና ወደ ቢላ ተገነጠልን። ዝናቡ ቢያቆምም ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። የገፋነው ብስክሌት የጫነ መኪና መሆኑን ለእናቴ እንዳልነግራት ጋሼ አስማለኝ።

ቢላ ያረፍነው በቶለሺ አማቾች ቤት ነው። ገመቹ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ለእንግዳ እነሱን አስቸግሯል። አማቷ ኦቦ ጉተማ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የከተማው ሰው ግን ጉተማ አይላቸውም፤ አባ ቦራ ነው የሚላቸው። ቦራ ድሮ የነበራቸው ፈረስ ስም ነው። ፈረሱ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ ግን እሳቸው ላይ ቀርቷል። ቶለሺ ይህንንም ያንንም ስም አትጠራም። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ «አባቴ» ትላለች፣ እሱንም ፊቷን ወደ ጎን አድርጋ።

የቤቱ በር በቀጥታ መንገዱን ያያል። ከበሩ ጎን አግዳሚ ወንበር አለ። አባ ቦራ ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው እዚያ ይቀመጣሉ፤ አላፊው ሁሉ ሰላምታ ሰጥቷቸው ያልፋል። ከማዶ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ እንዲሁ ይቀመጣሉ። ወንጂ የጠዋቱን ሰዓት የሚነግረን የፋብሪካው ፊሽካ ነው። ቢላ ላይ እነዚህ ሁለት ሰዎች ይመስሉኛል።

ባለቤታቸው ጫልቱ፣ በአገሩ አጠራር አዮ ጫልቱ፣ እግራችንን እንድንታጠብ ሞቅ ያለ ውሃ አመጡልን። ጭቃው እስከ ጉልበታችን ስለነበር አላንገራገርንም። ሕፃኗ ሲፈን ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና የጋሼን ጺም ስታጠና ቆየች። ቶለሺ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ፈቃድ ይዛ እኛን ልትቀበል ቀርታለች። ልጅቱን ልታቅፋት ስትል ልጅቱ ወደ አያቷ ሸሸች።

«ነይ እንጂ፣ እናትሽ እኮ ናት» አሏት አዮ ጫልቱ።

«ቲቸር» አለች ሲፈን፣ እንደማረም።

ሁላችንም ሳቅን። ቶለሺም ሳቀች፤ ከዚያ ውሃውን ልድፋ ብላ ወጣችና ቆየች።

ማክሰኞ

ጋሼ ጎህ ሲቀድ ፔዳሎቹን ገጥሞ ጨርሷል። ቶለሺ ልጅ ሳለች ነቀምት በወንድሟ ብስክሌት ተምራለች፤ ግን ከዚያ ወዲህ አልነካችም። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ የክፍል መጽሐፎቿን ከኋላ አስራ ወጣች። እኔ በሌላው ብስክሌት ተከተልኳት። መጀመሪያ ትንሽ ተንገዳገደች፣ ከወፍጮ ቤቱ በኋላ ግን መሪው ተገዛላት። ዳገቱ ላይ የጋሼ ማርሽ ሠራ፤ እኔ ወርጄ ስገፋ እሷ አልወረደችም። መንገዱ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ቆመው አዩን። አንዲት ሴትዮ እንስራዋን እስከ መርሳት ቆማ አጨበጨበች። ማንም ክፉ አልተናገረም፤ ማንም ውረጂ አላለም። ትምህርት ቤት ስንደርስ ደወሉ ገና አልተደወለም። ቶለሺ ወደ ኋላዋ፣ ወደ መጣንበት ዳገት ዞራ ተመለከተች።

«ዛሬ ማታ ልጄ ጋ አድራለሁ» አለችኝ።

ከሰዓት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ሣሩ ላይ ሽማግሌው፣ እናቶቹ፣ ተማሪው ተቀመጠ። ገመቹ ብስክሌት ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ቢለመድ ምን እንደሚጠቅም ተናገረ። ጋሼ ጎማ እንዴት እንደሚነፋ አሳየ፤ ሁለት ወላጆች ወዲያውኑ የየራሳቸውን የፈረሰ ብስክሌት ላምጣ አሉ። መጨረሻ ላይ ግጥሜን ቶለሺ ወደ ኦሮምኛ መልሳ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበችው። «ፈርደ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ሕዝቡ በሳቅና በጭብጨባ ተነሳ። ፈርደ ፈረስ ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ ድገሚልን አሉ፤ ደገመች። ልጆች እስከ መውጫው በር እየዘመሩት ሸኙን። ግጥም በጻፍኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ተቀባይነት አግኝቼ አላውቅም፤ በመንገዱ ላይ ቁልቁለቱን የወረድኩት በብስክሌት ሳይሆን በደስታ ነው።

እራት ላይ ዝናው ከእኛ ቀድሞ ቤት ገብቷል። አባ ቦራ የማዕዱን ጸሎት ካደረሱ በኋላ ግጥሙን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። አማርኛቸው የጠራ ነው፤ በወጣትነታቸው ከጎጃም ነጋዴዎች ጋር ቡና ጭነው ሲመላለሱ የለመዱት ነው። ሰምተው ሲጨርሱ ለረዥም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስለ ቦራ ጀመሩ።

አንድ ጊዜ አዮ ጫልቱ ምጥ ጸንቶባቸው፣ አዋላጅ ለማምጣት በቦራ ጋልበው ወጡ። መንገዱ ላይ ከዛፍ ሥር ሸንጎ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ለእነሱ ሳይወርዱ ማለፍ ነውር ነው፤ ወርደው ሰላም ቢሉ ደግሞ ሴትዮዋ ልትሞት ነው።

«ከሩቅ አዩኝ። ሩጫዬን አዩ» አሉ አባ ቦራ። «ሁሉም ተነሱና ጀርባቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እኔ አለፍኩ። ማንም አላየኝም፤ ማንንም አላዋረድኩም።»

«የዚህች አባት ተወለደ» አሉ አዮ ጫልቱ፣ ጭናቸው ላይ የተኛችውን ሲፈንን በአገጫቸው እያሳዩ።

የሚያምር ታሪክ ነው ብዬ፣ ወንጂ ስመለስ ግጥም አደርገዋለሁ እያልኩ ተኛሁ።

ረቡዕ

ረቡዕ ገበያ ነው። ከቤት ስንወጣ አባ ቦራ አግዳሚያቸው ላይ ነበሩ። ቶለሺ ብስክሌቷን እየገፋች አለፈቻቸውና ከመታጠፊያው በኋላ ወጣችበት። ገና ፔዳሉን ሁለቴ ሳትረግጥ፣ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ መንገዱ መሀል ቆመው ጠበቋት። ቁጣ የለባቸውም፤ ፈገግታ ነው ያለባቸው።

«ቲቸር፣ ፈርዲ ኬ አከም ቡሌ?» አሏት። ፈረስሽ እንዴት አደረ ማለታቸው ነው።

ቶለሺ ወረደች። ፈረስ ነው ተብሎ፣ እሷ ራሷ በሕዝብ ፊት ፈረስ ነው ብላ አንብባ፣ ሳትወርድ ልታልፋቸው አልቻለችም። ጨበጠቻቸው። ጤና፣ ቤት፣ ከብት፣ አዝመራ፣ የባሏ ደህንነት። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው መረቋትና አለፉ። እሷ ስትወጣ ደግሞ ሁለት አሮጊቶች ከኮረብታው ብቅ አሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በሙሉ እንዲህ ሆነ። ትናንት ብስክሌት ስም ስላልነበረው ሕግም አልነበረውም፤ ጋሪም አይደለም፣ በቅሎም አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚታይ ነገር ነበር። ዛሬ ፈረስ ሆኗል። ፈረስ ደግሞ የሚወረድበት ነው። ለገበያ የሚመጣ ሽማግሌ ሁሉ ያችን ግጥም ሰምቷል፤ ከሩቅ ሲያያት በትሩን ተደግፎ፣ ደስ ብሎት ይጠብቃታል። አንዳቸውም ሊያስቸግሯት አላሰቡም። እንዲያውም አንዱ ለፈረሷ አንድ እፍኝ ገብስ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት፤ እሷም ተቀብላ አመሰገነች። ዳገት ላይ ወርዶ ዳግም መውጣት ከመግፋት ይከፋል፤ የጋሼ ማርሽም ለዚህ አልተሠራም። እኔ ከኋላ ሆኜ በአራት ስንኝ የሠራሁትን እያየሁ እከተላለሁ።

ስንደርስ ግቢው ጸጥ ብሏል። የቶለሺ ክፍል ሕፃናት በሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቋታል። ገመቹ አልተቆጣም፤ ጥግ ወስዶ ለስለስ አድርጎ ነው የነገራት። ነገም ካረፈደች ሕፃናቱን ያለ አስተማሪ ማቆየት ስለማይችል፣ ብስክሌቱ ለሌላ ይሰጥና እሷ ወደ ኪራይ ክፍሏ ትመለሳለች። እሺ አለች። ማታም ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ይዟት፣ ቤት ስንደርስ ጨለማው ወርዷል። ሲፈን ተኝታለች።

ከመተኛቴ በፊት ግጥሜን ማስተካከል ነበረብኝ። እራት ላይ ለአባ ቦራ፣ ብስክሌት ፈረስ ነው ያልኩት በስህተት ነው፣ በትክክል ሲታሰብ ጎማ ያለው ጫማ ነው፣ ሰው ደግሞ ለሰላምታ ጫማ አያወልቅም አልኳቸው። አዲስ ስንኝም አዘጋጅቼ ነበር።

«ትናንት ፈረስ ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ጫማ ሆነ። ነገ ደግሞ ወንበር ትለዋለህ።»

«ግጥም ነው አባቴ፣ ምሳሌ ነው።»

«ሰው እኮ ደስ ብሎት ተቀበለህ። አሁን ሄደህ ውሸቴን ነው ልትለው ነው? ደግሞ አልዋሸህም። ትናንት ስትወጣበት አይቻታለሁ። ፈረስ ነው።»

ጋሼ ገባበት። ወንጂ ላይ ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጀምሮ እስከ ቄሱ ሁሉም በብስክሌት እንደሚሄድ፣ ማንም ለማንም እንደማይወርድ ነገራቸው።

«እሺ፣ ሽማግሌ ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?»

ጋሼ አሰበ። «ደወል እንደውላለን።»

«እንዲሸሽ?»

አዮ ጫልቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ እኔም ሳቄን ዋጥኩ። ግን ሳቁ አልቆየም። ቶለሺ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ቆማ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተናገረች።

«አባቴ፣ መውረዱ አልከበደኝም። ለሁሉም እወርዳለሁ። ግን ወርጄ ስወጣ፣ ወርጄ ስወጣ፣ ልጄ ጋ ስደርስ ተኝታለች።»

አባ ቦራ አላዩአትም፤ ማየትም ልማዱ አይደለም። እጃቸውን ታጠቡ። ሲፈን በእንቅልፏ መሀል ነቅታ ዓይኗን ከፈተችና፣ በመብራቱ የቆመችውን ሴት አይታ «ቲቸር» አለች፤ መልሳም ተኛች። ሽማግሌው በትራቸውን አነሱ። ከማዶ ወዳለው ጎረቤታቸው እንደሚሄዱ ብቻ ተናግረው ወጡ። ተመልሰው ሲመጡ ጸልየው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ሐሙስ

እኔና ጋሼ የምንመለስበት ቀን ነው። ሻንጣችን በር ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ የቶለሺን ፍሬን አጥብቆ፣ ካቴናውን ዘይት ቀባ። የትናንቱ ገብስ አሁንም የመጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ለአዮ ጫልቱ ዶሮዎች በተነችው። ወንጂ ሆኜ ይህን ስጽፍ ከሁሉ በፊት ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ጠዋት ነው፤ ጭጋጉ፣ የዘይቱ ሽታ፣ ቶለሺ የተኛችውን ልጇን ጉንጯን ስማ ስትመለስ።

አባ ቦራ እንደ ልማዳቸው አግዳሚያቸው ላይ ነበሩ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ሁለት ሰዎች ሰላም ብለዋቸው አለፉ። ቶለሺ ብስክሌቷን ይዛ ከጓሮ ስትመጣ የጎማውን ድምፅ ሰሙ። እንደ ትናንቱ እየገፋች ልታልፋቸው አጎነበሰች።

ሽማግሌው ተነሱ። በትራቸውን ያዙ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ እሷንም እኛንም ሳያዩ ጀርባቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ወደ ቤት ገቡ። ቶለሺ ባለችበት ቆማ ቀረች። ከማዶ ያለውን አግዳሚ ተመለከትኩ፤ ያም ባዶ ነበር።

ጋሼ የብስክሌቱን መቀመጫ በመዳፉ ቸብ አደረገው። ቶለሺ ቀሚሷን ሰብስባ እዚያው ብስክሌቷ ላይ ወጣች። ሳትወርድ በራፉን አልፋ ሄደች፤ በስተኋላዋም አባ ቦራ በሩን ከውስጥ ዘጉት።